አባባ ማጥመጃ ከነካ ሁለት ሳምንት አልፎታል

ለውድ ወንድሜ ለካልቪን፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ዳርሊንስ? ትንሿ ልጃችሁ ግሬታስ እንዴት ናት? የአልበርታ ብርድ እንዳይጎዳችሁ ሁልጊዜ አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አባባን ግን ደህና ነው ብዬ ልዋሽህ አልችልም።

የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ጥገና ወጥቶለት ቤት ከገባ ሳምንት ሆኖት ነበር። ሐኪሙ ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው ቶሎ አምጪው ብሎኝ ነበር። አባባ ግን መቼ ያስነካል! ሲያልበው «ምድጃውን እንዲህ የምታነጂው ልትጠብሺኝ ነው?» ይለኛል፤ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «በሩን ማን ከፈተው?» ይላል። ቁስሉን ልየው ስለው «ዓሣ መሰልኩሽ እንዴ የምታገላብጪኝ? ዞር በይ!» ብሎ ያባርረኛል።

ቤቱ ይሸት ነበር። የእኛ ቤት መቼ ሳይሸት ቀርቶ ያውቃል? ሎብስተር ለማባበል ማጥመጃው ውስጥ የሚከተው ዓሣ ሽታ ነው ብዬ ሹራቡን ሁለቴ አጠብኩ፣ ቦቲ ጫማውንም ውጭ አወጣሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ያው ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ። ያኔ ክው አልኩ። አባባ ወደብ ከወረደ፣ ማጥመጃ ከነካ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ታዲያ ምንድን ነው የሚሸተው? ሳላስፈቅደው ሸሚዙን ገለጥኩት። ቁስሉን በጨርቅ ሸፍኖ በኤሌክትሪክ ፕላስተር አሽጎታል፤ ዙሪያው ቀልቶ አብጧል፣ ከሥሩ መግል ይወርዳል። ለምን ደበቅከኝ ብዬ ጮኽኩበት። «ማጥመጃ ባሕር ላይ የምንጥልበት ቀን ደረሰ፤ ካዩኝ መልሰው ያስተኙኛል ብዬ ነዋ» አለኝ።

ወዲያው ሆስፒታል ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ስፌቱን ፈትቶ አጠበለት። መርዙ ደሙ ውስጥ ስለገባ የሚሆነውን ለማየት ሦስት ቀን እንጠብቅ ብሏል። አፍንጫዬ ሥር ሆኖ ሳላውቀው መቅረቴ ያንገበግበኛል።

አባባ እንዳልደውልልህ አስምሎኛል። ስለ ደብዳቤ ግን ምንም አላለም፤ ስለዚህ ነገ ወደ እናንተ በሚበረው በጎረቤታችን በሊሮይ እጅ ልኬልሃለሁ።

ዳርሊንን አቅፈህ ሳምልኝ። ግሬታንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ አባባ ፎቶዋን ራስጌው አድርጎታል።

ትናንት ማታ እጄን ያዘና «ጀልባዋን ሽጪያት» አለኝ። ቀልድ የለ፣ ስድብ የለ። ሐኪሙ ከነገረኝ ምልክቶች ውስጥ ይኼ አልነበረም፤ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የፈራሁት ይኼን ነው። ካልቪን፣ ና።

እህትህ ቬልማ
ኖቫ ስኮሻ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1983