አባዬ የጠለፋት ቅጠል

ውድ አባዬ፣

ከእማዬ እንደሰማሁት፣ ወደብ ላይ ያላወራህለት ሰው የለም። «ኪዮቶ ውስጥ አንዲት ሙሽራ እኔ የጠለፍኳትን ቅጠል ለብሳ ትዳራለች» ትላለህ አሉ። የጀልባ ጓደኛህ ጌንጂሮም ልጄን ስድር ያንኑ የሙሽራ ልብስ፣ ኪሞኖውን፣ ካልተዋስኩ ብሎ እማዬን አስጨንቋታል። ስለዚህ ስለ ቅጠሏ እውነቱን ልጽፍልህ ግድ ሆነብኝ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የዚያን ቀን ጠዋት የመምህር ሺኖን የጥልፍ ቤት በር ገፍተህ በጎማ ቦትህ ብቅ ስትል ደስ አላለኝም። ልትወስደኝ እንደመጣህ ፊትህ ላይ ተጽፏል። አንዱን ጫማ እንኳ ሳታወልቅ ጀመርከኝ።

«ዕቃሽን ሰብስቢ። እናትሽ ዓሣ የሚያደርቅላት አጥታ ወገቧ ተቆርጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ተማርሽ፤ ለመሆኑ ምን ሠራሽ?»

«ቅጠል» አልኩህ።

«ሌላስ?»

«ቅጠል ነው አባዬ። አበባ ገና አልተፈቀደልኝም።»

«እኔ ሻርክ የቦጨቀውን መረብ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ እጨርሰዋለሁ። ቅጠል ትለኛለች!»

ሀሩዬና ሌሎቹ ተለማማጆች መርፌያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። መምህር ሺኖ ግን ቀና እንኳ አላሉም። ቁመታቸው ከብብትህ አያልፍም፤ ድምፃቸውም እንደዚያው ነው። «እንዲህ ከቀለለዎት፣ አንዲት ቅጠል ይጥለፉልንና ልጅዎን ይዘው ይሂዱ» አሉህ።

«እስከ ምሳ አደርሳታለሁ» ብለህ ተቀመጥክ።

የሐር ክሩ እጅህን ሲነካ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ገመድ የበላው መዳፍህ ክሩን አልለቅም አለ። ከአንዱ እጅ ስታላቅቀው በሌላው ይያዛል፤ በኋላማ ጢምህም ገባበት። ሀሩዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች። መምህር ሺኖ አንድ ሳህን የሩዝ ፉርሽካ አምጥተው ፊትህ አስቀመጡና «እጅዎ እስኪለሰልስ በዚህ ይሹት። እስከዚያ መርፌ የለም» አሉህ።

ያ ምሳ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ሰፈሩ ሁሉ የመቅዘፊያ ዘፈንህን ለመደው። መርፌውን እንደ ጦር ስትሰካ መምህር በቀስታ «ጨርቁ ሞቷል ጌታዬ፤ ደግመው አይግደሉት» ይሉሃል። አንተ ደግሞ ለክሩ «ና ውጣ፣ አንተ እልኸኛ!» ትለዋለህ። እኔ በኀፍረት አቀርቅሬ እቆይ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሰርቄ አየሁህ። ምላስህን በከንፈርህ ጫፍ አውጥተህ፣ ላብህ እየወረደ፣ የሰፋኸውን መልሰህ ትተረትራለህ። በሕይወቴ የማትችለውን ነገር ይዘህ ቁጭ ስትል ያኔ ገና ማየቴ ነው። እኔም ሁለት ዓመት የከረምኩት እንደዚያ ነበር አባዬ። ከዚያ ወዲህ ማፈሬን ተውኩ።

ብጫቂ ጨርቅ ላይ ስትለማመድ ከረምክና፣ በመጨረሻው ሳምንት መምህር ከሙሽራዋ ኪሞኖ ግርጌ አንዲት ቅጠል ሰጡህ። ጨረስካት። ስትሰናበት ደግሞ ልትወስደኝ የመጣኸው ሰውዬ «እትዬ፣ ይህቺ ልጅ ከእኔ ብዙም አትሻል። በደንብ ሳትማር እንዳይልኩብኝ» አልካቸው። እኔ መርፌ የወደቀኝ መስዬ ከመቀመጫው ሥር ገባሁ። ዓይኔን እንድታይ አልፈለግኩም።

አሁን ወደ እውነቱ ልምጣ። ባቡርህ ጣቢያውን ሳይለቅ መምህር ሺኖ መቀሱን ሰጡኝ።

«ተርትሪያት» አሉኝ።

«መምህር፣ የአባቴ እኮ ናት።»

«አይቻለሁ። ላንቺ የሰጠሁሽ ለዚያ ነው።»

ተረተርኳት አባዬ። ይቅር በለኝ። ሐር ግን መርፌ ከበሳው በኋላ ቀዳዳው አይደፈንም፤ ያንተ ቀዳዳ ደግሞ ምስር ያሳልፋል። እንደገና ስጠልፋት አንዱም ቀዳዳ እንዳይታይ ክሬን አንተ በሄድክበት ሁሉ ማስኬድ ነበረብኝ። ስጨርስ ቅጠሏ ልክ እንዳንተዋ ወደ ግራ አዘንብላ ቁጭ አለች። መምህር አፍንጫቸውን አስጠግተው ሲያዩዋት ቆዩና ሻያቸውን ሊጠጡ ሄዱ።

ባለፈው እሑድ ሙሽራዋን ልናለብስ አብረን ሄድን። አክስቷ ግርጌውን ገልጣ እያንዳንዱን ቅጠል ስትመረምር ያቺው ላይ ቆመች። «ይህቺኛዋ ጠማማ ናት» አለች።

«የባሕር ሰው ቅጠል ናት» አሉ መምህር ሺኖ፣ መቀነቱን እያጠበቁ። «ትወዛወዛለች።»

አክስቲቱ ግርጌውን ለቀቀች። ሙሽራዋም ያንን ለብሳ ተዳረች። ስለዚህ ወሬህን አላበላሽብህም፤ ክሩ የእኔ ይሁን እንጂ መንገዱ ያንተ ነው። ለጌንጂሮ ያንኑ ንገረው።

እማዬ በፉርሽካ የለሰለሰውን መዳፍህን ገመዱ እንደላጠውና ጀልባው ላይ «ሙሽሪት» እያሉ እንደሚጠሩህ ነግራኛለች። ቻለው። መምህርን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ የዓሣው ወቅት ሲደርስ መጥቼ ከእማዬ ጋር እስከ መጨረሻው አደርቃለሁ። «እጅሽ ሻክሮ ትመለሻለሽ፣ ሥራሽ ሁሉ ይበላሻል» ብለው ተቆጥተዋል። ይቆጡ። እመጣለሁ።

ልጅህ ሚሳኦ