ቀይ ቋጠሮ ስላለባቸው የጭነት ማንሻ ቀበቶዎች

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጅቡቲ

ለጦር ካምፑ የዕቃ ግዥ ቢሮ ኃላፊ
ፕላቶ ዱ ሰርፓን

ጉዳዩ፦ እኛ በሰፋናቸው ቀበቶዎች ዕቃ እንዳይነሳ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣ ፈረንሳይኛ አልችልም፣ በአማርኛ የጻፍኩት በራችሁ ላይ ያለው ጥበቃ አማርኛ የሚያነብ አለ ስላለኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፀዳል እባላለሁ፣ ካርቲዬ 4 ሰፈር አቶ ኒዛር ቤት ክሬን ሣጥን የሚያነሳበትን ወፍራም ቀበቶ እሰፋለሁ።

1. ለካምፑ ዕቃ የሚያቀርበው ትልቁ ድርጅት ቀበቶ የሚያሰፋው አቶ ኒዛር ጋ ብቻ ነው፣ ሌላ የሚሰፋ የለም ተብሎ። ፋብሪካ ይመስልዎት ይሆናል፣ እኔና ዙሌይካ ነን፣ ሁለት የስፌት መኪና አለን፣ አንዱ ተበላሽቷል።

2. ሰኔ ላይ ወፍራሙ ክር አለቀና አቶ ኒዛር የጆንያ መስፊያ ክር አረንጓዴ አስነክሮ አመጣ፣ ከድሮው ጋር እንዲመሳሰል። ይሄ አይችልም ስለው «ዝም ብለሽ ስፊ፣ ከኛ ሌላ ማን አላቸው፣ ወደዱም ጠሉም ይወስዳሉ» አለኝ። እኔም ፈራሁና በድሮው ክር የሰፋሁት ላይ ብቻ ቀይ ክር ቋጠርኩ። አገር ቤት እናቴ የዘር እህሉን ስልቻ እንዳይበላ እንደዚያ ትቋጥረው ነበር።

3. የትልቁ ድርጅት ተቆጣጣሪ አቶ ኡበይድ ሁሌ ደውሎ ነው የሚመጣው። ቋጠሮውን የተፈተሸ ማለት መስሎት ቋጠሮ የሌለውን አልወስድም አለ። ደስ አለኝ፣ እግዜር ነው አልኩ። በማግስቱ አቶ ኒዛር አንድ ጥቅል ቀይ ክር አመጣና ሁሉም ላይ ቋጥሪ አለኝ። ቋጠርኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ እሱ እጅ ነው፣ ምን ላድርግ።

4. ባለፈው ማክሰኞ ወደብ ላይ አንዱ ተበጥሶ ሣጥኑ ጫኙ ይሄይስ ላይ ወደቀ። ከአገር ቤት ስመጣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አይቶ ቤት የፈለገልኝ እሱ ነው። እግሩ ተቆረጠ። የተበጠሰው ላይ ቋጠሮዬ አለ። ወዲያው አቶ ኒዛር የፈረንሳይኛ ወረቀት አምጥቶ «ለመኖሪያሽ ነው፣ ፈርሚ» አለኝ፣ ፈረምኩ። ዙሌይካ ስታነበው የቀበቶዎቹ ፈታሽ እኔ ነኝ ይላል። «አንቺ ልጅ፣ ጋቦዴ እስር ቤት ነው የምትገቢው» አለችኝ።

ጌታዬ፣ እኔን ማሩኝ አልልም፣ ቋጥሬያለሁ። አቶ ኒዛርንም እንደማትተዉት አውቃለሁ፣ ሌላ የላችሁም፣ ትናንት እንኳ አዲስ ትዕዛዝ መጥቶ እየሰፋሁ ነው። የምለምነው መጋዘናችሁ ያሉት ዘጠና ስድስቱ ቀበቶዎች እንዲጣሉ ነው፣ ካልሆነም ሲነሳ ከስር ሰው እንዳይቆም። ነይና ደህናውን ለይልን እንዳትሉኝ። ሁሉም ላይ ቋጥሬ አሁን እኔም አላውቃቸውም።

እየፈራሁ፣ ከሰላምታ ጋር
ፀዳል አበሩ
ፊርማ