ሠላሳ ቁጥር ሳይጠራ

እንደ እናትም እንደ እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ደረጃ መውጣቱን ተወት አድርጊው ብዬሽ ነበር፤ መቼም አትሰሚኝ። የባልሽ ሳልስ ለቀቀው? አባባስ እንቅልፍ ይተኛል? እኔ ለዓይን ደህና ነኝ፤ ሆዴን ግን አትጠይቂኝ። ባለፈው በስልክ “ድምፅህ ምን ሆነ?” ስትዪኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

ለአንድ ክሊኒክ የተራ ማስጠሪያ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ከአንድ ጀምሮ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቁጥር በተከታታይ የሚያወጣ ኮድ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። በእኛ ሙያ መጀመሪያ ክላስ የሚባል ንድፍ ይጻፋል፤ የጡብ ፎርማ በይው። ከዚያ ፎርማ ለየክፍሉ የራሱ ቆጣሪ ይወጣለታል። ፎርማው ከተጣመመ እንግዲህ ጡቡ ሁሉ ጠማማ ነው።

እኔ ሆዬ እስከ ሠላሳ ቁጠር ብዬ አዘዝኩት። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ ሲታዘዝ ሠላሳ ደጃፍ ደርሶ የሚመለስ ጉድ ነው፤ ሃያ ዘጠኝን ይጠራና “ተራው አልቋል” ይላል። ይህን ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ቸኩዬ፣ እስከ መጨረሻው ሳልሞክረው አስረከብኩ። ሌሎቹ ክፍሎች ሠላሳ ሰው ስለማይሞላቸው ምንም አልታየም። የዓይን ክፍሉ ግን ሁልጊዜ ጢም ይላል፤ ወረቀት የሚያድለው አሮጌው ማሽን ደግሞ ሠላሳንም ይሰጣል። ያን የያዘ ሰው ሳይጠራ በር ይዘጋበታል።

ጥፋቱ በማን ተላከከ መሰለሽ? በዓይን ክፍሉ መስኮት በተቀመጡት ተራ ጠሪ። ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ ሲቀልዱ ወረፋውን ሁሉ ያስቁታል። “ስክሪኑ አልቋል ብሎኝ ነው” ቢሉ ማን ይስማቸው! የክሊኒኩ ኃላፊ “ኮምፒዩተር አይረሳም፤ እርጅና ነው” ብሎ ካርድ ክፍል ወረወራቸው። ይህን የሰማሁ ዕለት ኮዱን ከፍቼ ሳየው ክው አልኩ። ቶሎ አስተካከልኩትና ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በማግስቱ በቦታቸው ሌላ ልጅ ተቀመጠች፤ ሠላሳም ተጠራ። ኃላፊው “አያችሁ? ችግሩ ሴትዮዋ ነበሩ” ሲል እኔ እዚያው ቆሜ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ነቀነቅሁ እኮ፣ እታለም! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ወሩን ሙሉ ልናገር ብዬ እየተነሳሁ ስመለስ ከረምኩ። ከትናንት ወዲያ አልቻልኩም፤ ለኃላፊው ሁሉንም አፈረጥኩለት። ጮኸብኝ፤ ከእንግዲህ ሥራ አይሰጠኝም ይሆናል፤ ይቅርብኝ። ሴትዮዋ ሰኞ ወደ መስኮታቸው ይመለሳሉ።

ከዚያ ካርድ ክፍል ወርጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አንስተውኝ “ታዲያ አልረሳሁም ማለት ነው?” እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። ለካ ራሳቸውም አምነውት ኖሯል። የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ማምጣት ትተው ነበር፤ መንገድ ላይ ረስቻት እሄዳለሁ ብለው። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳቸውን አንስተው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ “ዛሬ እኔ ነኝ የማመጣት” ብለው ወጡ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ባልሽን መድኃኒቱን ይጨርስ በይልኝ። ትልቋን በርቺ ብሎሻል አጎትሽ፣ ትንሹን ጥርስህን ታጠብ ብሎሃል አጎትህ በያቸው። አንቺ ግን ደውለሽ ስደቢኝ፤ ዝም ብቻ እንዳትዪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ፣ የካቲት ፱ ቀን