ሠላሳ አንዱን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለእታለሜ፣ ለታላቅ እኅቴ፣ ለሁለተኛዋ እናቴ።

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ጥርስሽ ተነቀለ ወይስ ዛሬም ሐኪሙን እየሸሸሽው ነው? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ትወጣለች? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? መንታዎቹ አሁንም በአንድ ኳስ ይጣላሉ? ይህ ወረቀት ሁላችሁንም ከነጤናችሁ፣ ከነሳቃችሁ ያግኛችሁ። እኔ ምንም አልልም። እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ጉንጬን ብታዪው የሰው ተውሳ ነው ትያለሽ።

ዛሬ እንደ ስልኩ «ደኅና ነኝ፣ ሥራ ነው» ብዬ አልዘጋብሽም። ጉዳዩ ረጅም ነው፤ ደግሞም ከሰው ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል። እኔ ስለምሠራበት ባንክ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። እናንተም ዘንድ በቴሌቪዥን ይታያል ተብሏል። እዚያ ውስጥ የገዛ እኅትሽን ፍርድ ቤት ቆማ ታያታለሽ። ከመደንገጥሽ በፊት ቁጭ በይና አንብቢ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ባንክ ነው የምሠራው ያልኩሽ ውሸት አይደለም። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ የባንክ ጸሐፊ ሆነች» ስትል ዝም ማለቴ ግን ደግ አልነበረም። እታለም፣ እኔ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ፊልሙ ላይ መወልወያ ይዤ ብቅ ስል «ይቺ ማናት?» እንዳትባባሉ።

ባንኩ ትንሽ ነው። በዳቦ ቤትና በልብስ ማጠቢያ ቤት መሀል የተሸጎጠ፣ ሦስት የደንበኛ ማስተናገጃ መስኮት ብቻ ያለው። ያቋቋሙት አሮጊት በወጣትነታቸው እንደ እኔው ተሰደው መጥተው ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው፤ ሰው ሁሉ እማማ መቀስ ይላቸዋል። ትልልቆቹ ባንኮች ስደተኛ ሲያዩ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ እሳቸው ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ተረዳድተው የራሳቸውን ከፈቱ። አሁን ሥራ አስኪያጁ ልጃቸው ነው፤ ምራታቸው መስኮት ላይ ትሠራለች። እሳቸው ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እንኳ ጧት ጧት በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ ይጨብጣሉ። አዝራሩ የተበጠሰ ኮት ካዩማ ባለቤቱን እዚያው አስወልቀው ሳይተክሉለት አይለቁትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ መስተዋት ስወለውል ፖሊሶች ገቡ። የብድር ፋይሎቹን በካርቶን አጭቀው ወሰዱ። ሥራ አስኪያጁንም በደንበኞቹ ፊት በካቴና አስረው አወጡት። በማግስቱ በዋስ ቢለቀቅም ክሱ ተከትሎ መጣ። ባንኩ ለቤት መግዣ ካበደራቸው ሰዎች መካከል ሠላሳ አንዱ ከአሠሪዎቻቸው ያመጡት የገቢ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ አሠሪው ሌላ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ የእጅ ጽሑፉ የአንድ ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉ ታዲያ ባንኩ ራሱ የፈበረከው ሐሰተኛ ሰነድ ነው አለ። ይህ ከተረጋገጠ ባንኩ ይዘጋል፣ ልጅየውም ይታሰራል።

እናትና ልጅ ደብዳቤዎቹን ቢያገላብጡ፣ ቢያገላብጡ፣ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ሊያውቁት አልቻሉም። እኔ ሻይ ላስቀምጥላቸው ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳየው ሻዩን እንደያዝኩ ተመልሼ ወጣሁ። የእኔ ጽሑፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጫማ ሠሪው፣ ሁሉም መጤዎች ናቸው። የአገሩን ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ መጻፍ ግን አይሆንላቸውም። ሠራተኞቻቸው ደግሞ ብድር ሲጠይቁ የአሠሪ ደብዳቤ አምጡ ይባላሉ። እኔ የቋንቋውን ትምህርት በደንብ እንደጨረስኩ ሰሙ። ከዚያ በምሳ ሰዓት ዳቦ ቤቱ ጓዳ ገብቼ የዱቄት ጆንያ ላይ እቀመጣለሁ፤ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይፈርማሉ። መፈረም የማይችለው አውራ ጣቱን ያትማል። አንድ የውሸት ቃል የለበትም። ክፍያዬ ትኩስ ዳቦ ነበር። ባንክ ውስጥ ግን ለማንም አላወራሁም፤ ወለል የምትወለውል ሴት ጽሑፏ ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ሦስት ሳምንት አፌን ይዤ ከረምኩ፤ ያስጻፉኝም ሰዎች መዘዝ እንዳያመጡብኝ ብለው ስሜን አላነሡም። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና ጊዜያዊ ነው፤ እሰይ ብለው ያባርሩኛል አልኩ። በዚያ ላይ የባንኩ ሠራተኛ ነኝ። እኔ ጻፍኩ ማለት ዐቃቤ ሕጉን «ልክ ነህ» ማለት መሰለኝ። ታዲያ አንድ ጧት እማማ መቀስ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመው የሚጨብጡት ሰው አጡ። ሰዉ ፈርቶ ቀርቷል። አንድ የሚያውቁት ሽማግሌ በወዲያ ማዶ ሲያልፍ እጃቸውን ዘረጉለት፤ አላየሁም ብሎ አለፈ። እጃቸውን ቀስ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት። አንጀቴን በሉት። መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ ሁሉን ዘረገፍኩላቸው።

ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ትኩር ብለው አይተውኝ፣ «አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ለዚህ አጭበርባሪ እግዜር ምን ያለ የጽሕፈት እጅ ሰጥቶታል እያልኩ ስቀና ነበር!» ብለው ሳቁ። ልጃቸው ግን አልሳቀም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንቃጠል እያየሽ?» ብሎኝ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታውንም ነሣኝ። አልፈርድበትም። ጠበቃቸው ደግሞ «ከመሰከርሽ አንቺንም ሊከሱሽ ይችላሉ፣ የሚያስገድድሽ የለም» አለኝ። ጻፍኩ እንጂ አልሰረቅኩም፣ እቆማለሁ አልኩት።

ዘጋቢ ፊልሙን የሠራችው ባለ ካሜራ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ እርሳሴ የት ገባ እያለች የምትፈልግ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ረዳቷ ማይክራፎኑን በረጅም ዘንግ አንጠልጥሎ አናታችን ላይ ይዞርብናል፤ አንዴ የእማማ መቀስን ሻሽ አንሥቶት ሄደ! የመወልወያዬ ድምፅ ደስ ብሏት «አንዴ ድገሚልኝ» ስትለኝ ያንኑ ንጹሕ ወለል ሦስት ጊዜ ወለወልኩላት። ዳኛዋም ችሎቱ ውስጥ እንድትቀርጽ ፈቀዱላት።

የምስክርነቴ ቀን ደረሰ። ዐቃቤ ሕጉ «የባንኩ ሠራተኛ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩ። ፊቱ በራ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ወለል መወልወል፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ መስኮት» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ዳኛዋ ራሳቸው መነጽራቸውን ለማስተካከል አጎነበሱ። ዐቃቤ ሕጉ ግን እንደዋዛ የሚለቅ አይደለም፤ «ታዲያ እነዚህን መጻፍ የማይችሉ አሠሪዎች ያላሉትን ጽፈሽ ለማስፈረም ምን ያቅትሻል?» አለ። የተናገሩት እነሱ ናቸው፣ ራሳቸውን ጠይቋቸው አልኩ።

ያን ጊዜ ዳቦ ጋጋሪው ተጠራ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ ነው የመጣው። ዳኛዋ ለእኔ ወረቀትና ብዕር አሰጡኝና እሱን «ደብዳቤ ስላስጻፍክለት ሠራተኛህ ያን ጊዜ ያልከውን እስቲ አሁን ንገራት» አሉት። እሱም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «አምስት ዓመት ሠርቶልኛል፤ ያረፈደው አንድ ቀን ነው፣ እሱም ሚስቱ ስትወልድ ነው፤ ደመወዙን አልቀንስበትም፣ ዳቦውንም አይሰርቀኝም» ብሎ አንበለበለው። እኔ ጻፍኩ። ዳኛዋ ከፋይሉ ደብዳቤ ጋር አስተያዩት። ጽሑፉ አንድ፣ ቃሉም አንድ፤ ዳቦውን አይሰርቀኝም የሚለው እንኳ አልቀረ! ከዚያ ሌሎቹ አሠሪዎች ተራ በተራ ገብተው ቃሌ ነው፣ ጣቴ ነው አሉ። ሠላሳ አንዱም እውነት ሆኖ ተገኘ። ካበደሩት ሰው አንድ እንኳ ክፍያውን ያቋረጠ እንደሌለም ያኔ ተነገረ።

በዘጠነኛው ቀን ባንኩም ልጅየውም ነፃ ተባሉ። እኔንም የሚከሰኝ እንደሌለ ጠበቃው አረጋገጠልኝ። በማግስቱ ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ በር ደረሰ። እማማ መቀስ ሲጨብጡ ውለው እጃቸው አብጦ ምራታቸው በፋሻ አሰረችላቸው፤ በግራው ቀጠሉ።

ፊልሙን ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አየነው። እታለም፣ ስመሰክር ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ከኋላዬ የሆነውን አላየሁም ነበር፤ ካሜራው አሳየኝ። እማማ መቀስ በጨርቅ ላይ እንደሚሰፉ ሁሉ ጣቶቻቸው ቀሚሳቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ያ ሰላምታ የነሣኝ ልጃቸው ደግሞ ስሜ ሲጠራ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ጨርሼ እስክወርድ ድረስ አልተቀመጠም። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተንሰቀሰቅኩ። ሲያልቅ እሱው መጣና «መወልወያውን አስረክቢ» አለኝ። አባረረኝ አልኩ። «ሰኞ አራተኛ መስኮት እንከፍታለን፤ ደብዳቤ ለሚያስጽፍ ሰው። ግን ከታች ማን እንደጻፈው ይጻፍበት» አለኝና እሱም ዓይኑን ጠረገ። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው። ወንበሩ ይሽከረከራል፤ ገና አለመድኩትም።

ባለቤትሽን ስለ መድኃኒቱ አደራ በይልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ኳስ ሁለት እልክላቸዋለሁ። ታች ቤት ያለችውን አክስታችንን ናፍቄሻለሁ በያት። እማዬን ግን ፊልሙ ሲታይ ብቻዋን እንዳትተዋት፤ መሀላችሁ አስቀምጧት፣ እጇንም ያዙላት። ልምል ያነሣሁት እጄ ሲንቀጠቀጥ ታየዋለች። ትንሽ ጠብቂ በይልኝ፤ እስከ መጨረሻው አልወረደም።

ታናሽ እኅትሽ

ከአራተኛው መስኮት፣ በምሳ ሰዓት
ረቡዕ፣ ሰኔ 12 ቀን