ለመርቪን ድንጋይ አንድ ቃል

ማርች 4
ዝናብ። የቆሻሻ ገንዳውን አወጣሁ። ድሮ የባሌ የመርቪን ሥራ ነበር… ማለትም መስኮቱ ጋ ቆሞ እኔ ሳወጣ ማየት።

ከሰዓት ቄሱ ዘንድ ሄድኩ፤ የመቃብሩን ድንጋይ ጽሑፍ ላስፈቅድ። ያለ እሳቸው ፈቃድ አንዲት ፊደል አትቀረጽም። መርቪን የተናዘዘው ከስሙ ሥር አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ፈጅል»። ሰው ከተወው ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው እንግሊዝኛ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ቄሱ።

«ሳይሠሩ የሚሠሩ መምሰል።»

ግብር መሥሪያ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ፋይል ከፍቶ፣ አቀርቅሮ፣ ከፋይሉ ሥር ከደበቀው መዝገበ ቃላት የሞቱ ቃላት ሲለቅም ይውል ነበር። እንደሱ ያለ ትጉህ የለም ብለው ሰዓት ሸለሙት።

«ወይዘሮ ታልቦት፣ መንገደኛ የማይገባውን ቃል አልፈቅድም። ‹ትጉህ ሠራተኛ› ብንለውስ?»

ውሸቱ ሲፈቀድ እውነቱ ተከለከለ። ሻያቸውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ማርች 5
እጄን ይዞ «አደራ» ብሎኝ ነው የሄደው። ያንን ሁሉ ቃል በየማታው ሲነግረኝ አንዱንም በወጉ አልሰማሁትም… ይቺን እንኳ ላድርግለት።

መንደሩ ካወቀው መንገደኛው ገባው ማለት አይደል?

ማርች 19
ለኢዲት ነገርኳት፤ ለመጠጥ ቤቷ ባለቤት። እሷ ካወቀች አገር አወቀ። የቤተክርስቲያኑን ጣሪያ የሚጠግኑት እንኳ በቃሉ ሲሳሳቁ ሰማሁ።

ኤፕሪል 10
ቄሱ ዘንድ ተመለስኩ። «አሁን ሁሉም ያውቀዋል።»

«ችግሩ እሱ ነው» አሉ። «ሁሉም ካወቀው ሟችን ሰነፍ ብሎ መስደብ ይሆናል።»

ስሙና ዘመኑ ብቻ እንዲቀረጽ ፈረምኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አደራ በላሁ።

ሜይ 2
ድንጋዩ ቆመ። «መርቪን ታልቦት»፣ ከሥሩ ዘመኑ። በቃ።

ቤተክርስቲያኑ ላይ ከተደገፈው መሰላል ሥር አንድ ጣሪያ ጠጋኝ መዶሻ ይዞ ቆሟል። አለቃው ከላይ፦ «አንተ! ዛሬም መርቪን ላይ ነህ?»

ዞር አልኩ። «ምን አልክ?»

ወርዶ ቆቡን አወለቀ። «ይቅርታ እማማ… ያቺን ቃል ምላሳችን አልይዛት አለ። እና በስማቸው እንላታለን። አንዱ ሥራ ሲያስመስል ‹መርቪን ላይ ነው› እንላለን። መጠጥ ቤትም እንዲሁ ነው የሚባለው። በክፉ አይደለም።»

ቄሱ መጡ። ድንጋዩን አይተው ደስ አላቸው። «አዩ፣ እንዴት ያምራል። የሚያስነቅፍ ቃል የለበትም።»

ስሙን አየሁት። ትልልቅ ፊደል፣ ከመንገድ የሚነበብ።

«የለበትም አባቴ» አልኩ።

ቤት ስመለስ ገንዳው ሞልቷል። መስኮቱ ጋ ቆሜ አየሁት።