ቅዳሜ ቅዳሜ የሙዚቃ ፊልም ያሳዩን የነበሩት የአቶ ኦቻላ ኦጅዋክ ዕረፍት

ለማኅበራችን አባላት፣ ለቤተ መጻሕፍታችን ተጠቃሚዎችና ለጋምቤላ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፤

የማኅበራችን መሥራች አባልና የቅዳሜ የፊልም መርሐ ግብር ኃላፊ የነበሩት አቶ ኦቻላ ኦጅዋክ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። የባሮ ዳር የንባብና የፊልም ማኅበር በሞታቸው እጅግ አዝኗል። ከሐዘኑ ጋር ኀፍረትም አለብን። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ኀፍረቱም በዚህ መግለጫ እንዲገባ በድምፅ ብልጫ ወስኗል።

አቶ ኦቻላ በ1963 ዓ.ም. በአቦቦ ወረዳ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በአቦቦና በጋምቤላ ከተማ ካጠናቀቁ በኋላ በንብረት አስተዳደር ሠልጥነው፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በአንድ የእርዳታ ድርጅት በመጋዘን ኃላፊነት አገልግለዋል። ዕቃ የማይጠፋባቸው፣ ሰው የማያስቀይሙ ሠራተኛ እንደነበሩ አብረዋቸው የሠሩ ይመሰክራሉ።

በ2010 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር ባልደረባቸው ሃርድ ዲስክ ትቶላቸው ሄደ። በውስጡ ስለ ፕሮግረሲቭ ሮክና ስለ ተዛማጅ ሙዚቃዎች የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ነበሩ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ፕሮግረሲቭ ሮክ ማለት የሮክ ሙዚቃን ከኦርጋን፣ ከጃዝና ከኦርኬስትራ ጋር የሚያዋህድ፣ አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ የሚችል የሙዚቃ ስልት ነው። ከአባላት መካከል እርሳቸውን በፍቅር “አቶ ሃያ ደቂቃ” የሚሉ ነበሩ። እርሳቸውም ይስቁ ነበር።

ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየሐሙሱ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ በእጃቸው የጻፉትን ጥቆማ ይለጥፉ፣ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ፊልሙን በአዳራሻችን ያሳዩ ነበር። ጥቆማዎቹን ኮሚቴው ከሰሌዳው ሥር ካለው ካርቶን ሰብስቦ አንብቧቸዋል። ስለ አንዱ ፊልም፣ “የሙዚቃ ባንዱ ለምን እንደተጣላ አንድ ሰዓት ያወራል፤ ሙዚቃውን አራት ደቂቃ ያሰማል። አይታይ” ብለዋል። ስለ ሌላው፣ “ጀርመኖቹ አንድ ምት ይዘው ሩብ ሰዓት ይሄዳሉ። መጀመሪያ ይሰለቻል፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ በእግር ሩቅ መንገድ መሄድ ይመስላል። ይታይ፤ ግን እስከ መጨረሻው” ይላሉ። አንድ የድሮ ኦርጋን ጠጋኝ ስለሚታይበት ፊልም የጻፉት ደግሞ እንዲህ ነው፦ “ይህን ዕቃ የሚያውቅ እሱ ብቻ ቀርቷል። የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል። ይታይ። እኔ ሦስት ጊዜ አየሁት።”

አቶ ኦቻላ ፊልም ሲጀምሩ ቬንትሌተሩን ያጠፉ ነበር። ቀስ ብሎ የሚመጣው ሙዚቃ በቬንትሌተሩ ድምፅ ይዋጣል ባይ ነበሩ። በመጋቢት ሙቀት ጋምቤላ ላይ ቬንትሌተር ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ለነዋሪው ማስረዳት አያሻም።

በማኅበራችን ደንብ አሥራ አምስት ተሳታፊ ያልሞላለት መርሐ ግብር ይሰረዛል። አባላት አቶ ኦቻላን እንወዳቸው ነበር፤ ፍቅራችን ካንገት በላይ አልነበረም። መርሐ ግብራቸው እንዳይዘጋባቸው ይሉኝታ ያዘንና ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ባለው የአቴንዳንስ መዝገብ እየፈረምን ወደየጉዳያችን እንሄድ ነበር። ሌላው ይቀመጣል ብሎ ሁሉም ሄደ። መዝገቡ ግን ሁልጊዜ ይሞላ ነበር። በአራት ተከታታይ ዓመታዊ ሪፖርቶቻችን ላይ የሰፈረው “ከፍተኛ ተቀባይነት ያገኘ መርሐ ግብር” የሚለው ሐረግ ከዛሬ ጀምሮ እንዲሰረዝ ተወስኗል።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አቶ ኦቻላ ከፊልሙ በኋላ አብሯቸው የሚወያይ አንድ አባል እንዲመደብላቸው በማመልከቻ ጠየቁ። ኮሚቴው መዝገቡን ተመልክቶ፣ መርሐ ግብሩ በአማካይ ሃያ ሁለት ተሳታፊዎች ስላሉት ተጨማሪ ሰው እንደማያስፈልገው በደብዳቤ ገለጸላቸው። ደብዳቤውን የፈረሙት ሊቀ መንበራችን አቶ ስንታየሁ ፈንቴ፣ በዚያው ሳምንት መዝገቡ ላይ ፈርመው ከሄዱት አንዱ መሆናቸው እንዲጻፍ ራሳቸው ጠይቀዋል። አቶ ኦቻላ መልሱን አመስግነው ተቀበሉ። ለአንድ ወንበር ብቻ የሚሆን ሰው ለመኑን፤ እኛ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልን።

አዳራሹ እስከ ፊልሙ ፍጻሜ ሰው ይዞ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለመፈረም የመጣውን ሁሉ ዝናብ ያዘው። የቆርቆሮው ጩኸት የፊልሙን ድምፅ ስለዋጠው ማንም ምንም አልሰማም። አቶ ኦቻላ ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው ምቱን በጣታቸው፣ ሰባት ሰባት እየቆጠሩ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል አሳዩን። እኛ ስንስቅ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ተመስገን ብለን ወጣን።

በለቅሶው ድንኳን ባለቤታቸው ወይዘሮ አጅዋንግ እንዲህ አሉ፦ “ቅዳሜ ቤት ሲመጣ ‘ዛሬም ሰው ብዙ ነው’ ይለኛል። እኔ ይሄ ሙዚቃ አይገባኝም። ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻ ያየ ሰው ይምጣ። ኦቻላ ስለ ሙዚቃው ምን ይል እንደነበር ለእኔ ይንገረኝ።” በድንኳኑ ውስጥ ከሃያ የማያንሱ ፈራሚዎች ተቀምጠን ነበር። የተነሣ የለም።

ኮሚቴው በመዝገቡ ላይ ስማቸው የሰፈረውን አንድ መቶ አርባ ሰዎች እየዞረ ጠይቋል። የባጃጅ አሽከርካሪው አቶ ጋትኬክ ሩአች፣ “እኔ ባጃጁን ሳላጠፋ ነው የምፈርመው፤ ወደ ውስጥም አላየሁም” ብለዋል። የሌሎቹም መልስ ከዚህ አይርቅም። ውጤቱን ከዚህ መግለጫ አስቀድመን በወይዘሮ አጅዋንግ ቤት ተገኝተን ነገርናቸው። “እሱ እናንተን አንድ ቀን አላማም” አሉን። ከዚህ የከበደ ነገር ሊሉን አይችሉም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አምስታችን የኮሚቴ አባላት እርሳቸው መርጠውት በሕመማቸው ምክንያት ሳያሳዩት የቀሩትን ፊልም ቬንትሌተሩን አጥፍተን እስከ መጨረሻው አየነው። አራት ሙዚቀኞች በአንድ የጣሊያን መንደር ጎተራ ውስጥ ይጫወታሉ። በረጅሙ ዘፈን መሃል አራቱም ድንገት ያቆማሉ፤ ረጅም ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ ማንም ማንንም ሳያይ አንድ ላይ እንደገና መጫወት ይጀምራሉ። ጸሐፊያችን ወይዘሪት ኛጆክ፣ “እንዴት አወቁ?” ብላ ጠየቀች። አምስታችንም አቶ ኦቻላ ፊልም ሲያሳዩ ወደሚቀመጡበት የፕሮጀክተሩ ጠረጴዛ ዞርን፤ ከዚያ መብራት አብርተን ወንበሮቹን ሰበሰብን።

ለወይዘሮ አጅዋንግ፣ ለልጆቻቸው፣ በአቦቦ ላሉ ቤተሰቦቻቸውና በኩሌ አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ ከእግዚአብሔር ዘንድ መጽናናት ይሁን እንላለን። በእንዲህ ያለ መግለጫ ሟቹ በማኅበሩ ውስጥ ለነበሯቸው የሥራ ባልደረቦችም መጽናናት መመኘት ወግ ነው። ይህን ግን መጻፍ አልቻልንም። በቅዳሜው ሥራ አቶ ኦቻላ ባልደረባ አልነበራቸውም።

የባሮ ዳር የንባብና የፊልም ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ጋምቤላ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.