በመጋዘንዎ ስለ ከረመችው ካሜራና ስለ አቶ ከድሮ ራስ

ቡታጅራ፣ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር የጥቅል ዕቃ ማቆያ መጋዘን ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን፣ ልጆችዎንና በተለይም ወላጅ አባትዎን በሙሉ ጤና እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። አባትዎን ለይቼ የጠቀስኩበት ምክንያት አለኝ፤ ከታች በቦታው አቀርበዋለሁ። እኔ ክቡርነትዎ በመዝገብ ቁጥር ብቻ የሚያውቁኝ፣ በቡታጅራ ከተማ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ የማነሳ፣ ተረፈ ሽባባው የተባልኩ የቡኢ ተወላጅ ነኝ። ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ በመጋዘንዎ በር ላይ ደጅ ስጠና ስለከረምኩ መልኬ ይጠፋብዎታል ብዬ አልገምትም። ቢጠፋብዎትም ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎቼ በፋይልዎ ውስጥ አሉ።

የዚህን ደብዳቤ አንዱን ቅጂ ለክቡርነትዎ ልኬ ሌላውን በፎቶ ቤቴ በር ላይ መለጠፌ ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። የክቡርነትዎንም ሆነ የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጻፍኩም። የለጠፍኩት የቡታጅራ ሰው እንዲያነበው ነው። ከኅዳር ወር ጀምሮ የአቶ ከድሮ ነገር እንዲህ የሆነው በአዲስ አበባ ሹማምንት ምክንያት ነው እያልኩ በየሻይ ቤቱ ያወራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ያወራሁትን በዚያው ባወራሁበት ከተማ ማቃናት አለብኝ።

አቶ ከድሮን ክቡርነትዎ አያውቋቸውም። በመስቃን ምድር በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ፣ ስምንት ልጆች ያደረሱ ሰው ነበሩ። ከልጆቻቸው አምስቱ መርካቶ፣ ሁለቱ ጅማ፣ ሳፊያ የምትባለው ሴት ልጃቸው ደግሞ ወልቂጤ ባል አግብታ ነው የሚኖሩት። እንደ አገራችን ወግ ስምንቱ አንድ ላይ የሚገኙት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአረፋ ብቻ ነው። አቶ ከድሮ ራሳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ፣ ሁልጊዜ እንቢ የሚሉ ይመስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዝባቸዋል። በርበሬ ሊገዛ የመጣ ባዳ ሰው በዋጋው ያልተስማሙ መስሎት ሳይጠየቅ ይጨምርላቸው ነበር ይባላል፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። በዕድሜያቸው አንድም ጊዜ ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። ምኞታቸው ከስምንቱ ልጆቻቸው ጋር አንድ ጊዜ ተነስተው ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ እንዲያድሏቸው ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ። በቁጥር አቀርባቸዋለሁ፤ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ በመሥሪያ ቤትዎ እንደማይነበብ ጸሐፊዎ በትሕትና አስተምረውኛል።

፩ኛ. ስለ ምርመራው። ካሜራዬ መጋቢት ፲፱፻፷፫ መጋዘንዎ ገብታ እስከ ታኅሣሥ ፲፱፻፷፬ ድረስ «በምርመራ ላይ» ነበረች። በአንድ እጅ የምትያዝ ዕቃ ዘጠኝ ወር ሙሉ ተመርምራ አለማለቋ የክቡርነትዎን ጥንቃቄ ያሳያል፤ ስለዚህም ምስጋናዬ የላቀ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በእኔ ሰፈር ሦስት ልጆች ተፀንሰው ተወልደዋል። ሁለቱን በአሮጌው ካሜራዬ አንስቻቸዋለሁ፤ ደህና ወጥተዋል።

ለነገሩ በመመርመርስ እኔም ከክቡርነትዎ የማንስ አይደለሁም። የካሜራ ዝርዝር የያዘ መጽሔት በነሐሴ ፲፱፻፷፪ እጄ ከገባ ጀምሮ፣ አምስት ወር ሙሉ ሦስት ካሜራዎችን ሳመዛዝን ምግብ እንኳ በወጉ አልበላሁም። ሦስቱም በትንሽ መስኮታቸው ሲመለከቱ ሰውዬው ሁለት ሆኖ የሚታይባቸው፣ ቀለበታቸውን ሲያዞሩ ደግሞ ሁለቱ ገጥመው አንድ የሚሆኑባቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ ርቀቱ ልክ ነውና መጫን ነው። የጀርመኗ እንደ ሰዓት የተሠራች ናት፣ ነገር ግን ዋጋዋን ያየ ሰው መጽሔቱን ከድኖ ያማትባል። የሩሲያዋ የጀርመኗን መልክ ይዛ በርካሽ የምትገኝ ጠንካራ ዕቃ ናት፤ ብርሃን መለኪያ ግን የላትም። የጃፓኗ መለኪያው እዚያው ላይዋ ላይ አለ፤ ድምፅዋም ዝግ ያለ ስለሆነ ሰው መነሳቱን ሳያውቅ ይነሳል። ስለዚህ ጃፓኗን መረጥኩ። ሆኖም በአዲስ አበባ ሱቅ መስኮት ተቀምጣ የነበረችው ያለፈው ዓመቷ ነበረች፤ ከመጽሔቱ ጀርባ ላይ ደግሞ አዲሲቱ በቅርብ ቀን እንደምትወጣ ተጽፏል። ያለፈው ዓመቷን የዚያኑ ዕለት ገዝቼ በአውቶቡስ ይዣት መመለስ እችል ነበር። እኔ ግን አዲሲቱን ብዬ ከውጭ አገር አዘዝኩ።

አቶ ከድሮም በገበያ ቀን ጆንያቸውን ለሰው አስጠብቀው እየመጡ አብረውኝ ያመዛዝኑ ነበር። በሚዛን የኖሩ ሰው ስለሆኑ የሁሉንም ክብደት ይጠይቁኛል፤ ቀላል ዕቃ አያምኑም ነበርና ጃፓኗን ለብዙ ጊዜ ተጠራጠሯት። ኋላ ግን አንድ ሰከንድ አምስት መቶ ቦታ ተቆራርጦ በአንዷ ቁራጭ ብቻ ሰው እንደምታነሳ ስነግራቸው፣ «እንግዲያስ እኔንም ትይዘኛለች» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ጥያቄያቸው ገባች ወይ የሚል ብቻ ሆነ። ገና ናት፣ እየተመረመረች ነው እላቸዋለሁ። እሳቸውም ለመንግሥት ሥራ አክብሮት ስለነበራቸው መመርመሩ ደግ ነው ብለው ይመለሳሉ።

፪ኛ. ስለ ፈቃዱ። የንግድ ፈቃዴ «ፎቶግራፍ በሣጥን የሚያነሳ» ስለሚል፣ የመጣችው ካሜራ ደግሞ ሣጥን ስላልሆነች፣ ሁለቱ እስኪታረቁ ድረስ እንድታገሥ ታዝዤአለሁ። ለዚሁ ጉዳይ ስድስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሻለሁ። በሐምሌ የተሳፈርኩባት አውቶቡስ ቡኢ ሳትደርስ ጭቃ ውጧት ውዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በማግስቱ በርዎ ላይ ብደርስ፣ ክቡርነትዎ ለጥቂት ቀናት ፈቃድ መውጣትዎ ተነገረኝ። ዕረፍቱ እንደተስማማዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

፫ኛ. ስለ ጉርድ ፎቶግራፉ። ካሜራ ለማስለቀቅ በቅርብ ጊዜ የተነሱ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎች ያስፈልጋል ተባልኩ። በአሮጌው የእንጨት ሣጥኔ ፊት ራሴ ተቀምጬ፣ ጎረቤቴን ክዳኑን አስከፍቼ ተነሳሁና አቀረብኩ። ጸሐፊዎ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩት፤ ብርሃኑን አደነቁ፤ የቅንድቤ ፀጉር እንኳ እንደሚቆጠር ለባልደረባቸው አሳዩ፤ ከዚያም እንዲህ ያለ ካሜራ እያለኝ ሌላ ምን እንደሚያደርግልኝ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ተቆጥቼ ነበር። ጥያቄው የመንግሥት ሠራተኛ ጠይቆኝ የማያውቀው ዓይነት ቁም ነገር መሆኑ የገባኝ ኅዳር ላይ ነው።

፬ኛ. በኅዳር ወር አቶ ከድሮ ሦስት ቀን ታመው ዐረፉ። ካሜራዋ በታኅሣሥ መጨረሻ ተለቀቀችልኝ። ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ።

፭ኛ. ይህ ቅሬታ ክቡርነትዎን አይመለከትም። ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚቀርብ ስላላወቅሁ ግን ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝልኝ እለምናለሁ።

በዚያው በሐምሌ ወር ሳፊያ አባቷን ለመጠየቅ መጥታ፣ ካሜራዬ ከዘገየች ወልቂጤ ወስዳ በእነ ሙሀመድአወል ፎቶ ቤት ላስነሳቸው ብላ አማከረችኝ። ሙሀመድአወል በሙያ የሚፎካከረኝ የወልቂጤ ፎቶ አንሺ ነው። የሱ ካሜራ የሰውን ፊት እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ እንደሚያደርግ፣ አባቷንም የልጅ መሳቂያ እንደሚያደርጋቸው ነገርኳት። ውሸቴን ነው። የሙሀመድአወል ካሜራ ያቺው እኔ በሱቅ መስኮት ትቻት የመጣሁት ያለፈው ዓመቷ ጃፓን ናት፤ ያነሳውንም አይቼ ምንም የማወጣላት እንከን አጥቼ ነበር። አቶ ከድሮን ያለ ጥርጥር ትይዛቸው ነበር። እኔ ግን እንደ ዋዛ በከተማው ሁሉ ያስወራሁላት አዲሲቱ ካሜራ የመጀመሪያ ሥራዋ አቶ ከድሮ እንዲሆኑ ፈልጌ ነበር። የሚንቀጠቀጠውን ሰው ተረፈ ያዘው እንዲባልልኝ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ከዚህ የባሰም አለ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በ፲፱፻፷፫ቱ አረፋ፣ ማለት ካሜራዋ አገር ውስጥ ሳትገባ፣ አቶ ከድሮ ስምንቱንም አስከትለው ፎቶ ቤቴ መጥተው ነበር። አንድ ጊዜ በአሮጌው አነሳኋቸው። ጨለማ ክፍል ገብቼ ሳጥበው ስምንቱ ልጆች ጥርት ብለው ወጡ። የአቶ ከድሮ እጆች ከነከዘራቸው፣ ኮታቸው ከነቁልፉ ወጣ። ከአንገት በላይ ግን ፊታቸው ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ደብዝዟል። ይህን አይተው ተረፈ አበላሸብን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከሰል ማንደጃው ውስጥ ከተትኩትና ወጥቼ ሥዕሉ አልያዘም፣ ለመጪው አረፋ አዲስ ካሜራ ይመጣልኛል፣ ያኔ በደንብ አነሳችኋለሁ አልኳቸው። አቶ ከድሮ እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። የያዙት እጄ ገና የእሳቱ ሙቀት ነበረበት፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

በዘንድሮው አረፋ ስምንቱ መጥተው ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ አዲሲቱን ካሜራ በአንገቴ አንጠልጥዬ ለልቅሶም ለበዓልም ሄድኩ። ላንሳችሁ ብል ማንም አልቆመልኝም። ስወጣ ሳፊያ እስከ አጥሩ ሸኘችኝና፣ «ጋሽ ተረፈ፣ የዚያን ዕለቱን ይስጡን። የተንቀጠቀጠም ቢሆን ግድ የለም። አባባን መቼ ሳይንቀጠቀጥ አይተነው እናውቃለን?» አለችኝ።

አቃጥዬዋለሁ ማለት አቃተኝ። እፈልገዋለሁ ብያት መጣሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷን እየጠበቀች ነው፤ በየገበያው ለሚሄድ ሰው ሁሉ ተረፈ አገኘው ወይ እያለች ከወልቂጤ ትልካለች። ሳፊያ ሆይ፣ በፎቶ ቤቴ በር ላይ ያለውን የሚያነብልሽ ሰው ከመጣ፣ ፎቶግራፉ የለም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። አባትሽን ሥዕሉ ይዟቸው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልያዝኩት።

ክቡር ሆይ፣ ከደብዳቤው መንገድ ስለወጣሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካሜራዋን ስላስከረሙብኝ ልከስዎት አስቤ ነበር፤ ክሱንም በልቤ ስንት ጊዜ ጽፌው ነበር። ክቡርነትዎ ያን ያህል ባያዘገዩብኝ ኖሮ ግን የሚወቀስ ሰው አጥቼ ብቻዬን እቀር ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ የኔን ጥፋት በመጋዘንዎ በነጻ ስላስቀመጡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ለክቡርነትዎ ዕድሜና ሹመት፣ ለጸሐፊዎ ጤናና እንደዚያ ቀን ያለ ቁም ነገር፣ ለመጋዘንዎ ሰፊ መደርደሪያ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የመዝገብ ቁጥርዎ አገልጋይ
ተረፈ ሽባባው
ፎቶግራፍ አንሺ (በሣጥንም፣ ያለ ሣጥንም)

ግልባጭ፦ በፎቶ ቤቴ በር ላይ

የተረሳ ነገር፦ ካሜራዋ ስትደርሰኝ የፎቶ መቁጠሪያዋ አሥራ አንድ ላይ ነበር፤ ውስጧም ፊልም ነበረ። እኔ ፊልም አላዘዝኩም። የምርመራው አካል ይሆናል ብዬ አጠብኩት። ሁለቱ ጸሐፊዎ በጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ነው፤ ሦስቱ ሕፃናት አጥር ሥር ሲጫወቱ ነው፤ ስድስቱ ዛፍ ጥላ ሥር በወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በአፍንጫና በግንባር ክቡርነትዎን ቁርጥ። ዘጠኝ ወር የደከምኩባት ካሜራ ናትና መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ነበር። ኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳያቸው አመሸሁ። ካሜራ እጅዎ እንደ ገባ አባትዎ ዘንድ ሄደዋል፤ የሚሻል ይመጣል ብለው አልጠበቁም። አሥራ አንዱንም አትሜ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ዋጋ የለውም። ከስድስቱ በአንዱ ላይ አባትዎ ሲስቁ ራሳቸውን ስላወዛወዙ ፊታቸው ደብዝዟል። እባክዎ እሱንም አይጣሉት።